ተረኛው ማን ነው?

ከጀሞ፣ ከላፍቶ፣ ከመካኒሳ፣ ከጎፋና ከሳሪስ መጥታችሁ እዚህ የተሰበሰባችሁት የተጎዱና የተጣሉ እንስሳትን ለመርዳት በማኅበራችን ልትመዘገቡ ነው።

ስለ እንስሳት ፍቅር ይሰብከናል ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፍቅሩን እናንተው ይዛችሁት መጥታችኋል፤ ባይኖራችሁ በዕረፍት ቀናችሁ እዚህ አትቀመጡም ነበር። እኔ የምናገረው ከፍቅር ቀጥሎ ስለሚመጣው ነገር፣ ስለ ሥርዓት ነው። ነገሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ በአዲስ አበባ ለውሻ፣ ለድመትና ለአህያ የሚራራ ሰው አልጠፋም፤ የጠፋው ተራውን የሚጠብቅ ሰው ነው።

እስቲ ክፍለ ከተማችንን አስቡት። ቄራ አካባቢ ልኳንዳ ቤት ሲዘጋ ልጁ ትርፍራፊውን በፌስታል ይዞ ይወጣና ለውሾች ይበትናል። ጅምር ሕንፃ የሚጠብቅ ዘበኛ ከራቱ ቆርሶ አብራው ለምታድር ውሻ ይሰጣል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ድመት ስትወልድ ካርቶን የሚያነጥፉላት እናት አይጠፉም። ይህ ሁሉ ርኅራኄ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ያቺ ውሻ መቼ ተከተበች? ቡችሎቿስ የት ደረሱ? መኪና የገጫት ዕለት ማን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት? በሦስተኛው ቀንስ ቁስሏን ማን አጠበላት? እዚህ ላይ ሰፈሩ ዝም ይላል። ሁሉም ያበላል፤ ተረኛ ግን የለም።

ተረኛ መሆንን ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልገንም፤ እድራችን አለልን። እድር ግባ ብሎ የሚያስገድድ የለም። ከገባህ በኋላ ግን ወርኃዊ መዋጮህን ትከፍላለህ፣ ጡሩምባ ሲነፋ ትነሳለህ፣ ተራህ ሲደርስ ድንኳን ትተክላለህ፣ ብትቀር ትቀጣለህ። ሟቹን ትወደው እንደነበር የሚጠይቅህ የለም። የሐዘን ቤቱ ድንኳን የሚቆመው ተረኞቹ ስለመጡ ነው፤ ያዘነው ሁሉ ቤቱ ሆኖ ቢያለቅስ ድንኳኑ አይቆምም። የእኛም ሥራ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የተበደለ የእድር አባል በጉባኤ ተነስቶ አቤት ይላል። ውሻ ግን አቤት የምትልበት ጉባኤ የላትም። ስለዚህ ጠያቂም ተጠያቂም እኛው ነን።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ደንብ ትንሽ ቃል መግባት ነው። አዲስ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ሰባቱንም ቀን እመጣለሁ ይላል። በሁለተኛው ወር ስልኩ አይነሳም። እናንተ ግን በሳምንት አንዲት ቀን፣ እሷንም በሰዓቷ ያዙ። መምጣት ካልቻላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ምትክ ፈልጉ። ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጠዋትና ማታ የታዘዘ መድኃኒት አንዱ ቢዘለል ሕክምናው ሊበላሽ ይችላል። እናቱ የሞተችበት አራስ ቡችላ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ካልጠባ አያድርም፤ ትራፊክ ተዘጋጋብኝ ብትሉት አይረዳችሁም። ከጎተራ እስከ ሃና ማርያም ያለው መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ተራችሁን ስትመርጡ ከቤታችሁ ወይም ከሥራችሁ የሚቀርበውን ቦታ ምረጡ፤ ትጋት ከመንገድ ጋር መታገል አይደለም።

ሁለተኛው ደንብ ከመንካት በፊት መጠየቅ ነው። በመንገዳችን የምናያቸው ውሾች ሁሉ ባለቤት አልባ አይደሉም። አንዳንዱ ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ውሎ ማታ የሚለቀቅ ነው። አንዳንዱ የአንድ ሰው ሳይሆን የመንደሩ ነው፤ ባለሱቁም፣ ዘበኛውም፣ ልጆቹም ይመግቡታል። የቀረው ደግሞ ሰው ትቶት የሄደ ነው። ሕንፃው ሲያልቅ ዘበኛው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ውሻዋ ትቀራለች። ሰፈር ለልማት ሲነሳ ቤተሰቡ አራተኛ ፎቅ ላይ የኮንዶሚኒየም ቤት ይደርሰዋል፣ ግቢ ጠባቂው ውሻ የሚገባበት ግን የለም። ስለዚህ ገመድ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ሰው ጠይቁ፦ ዘበኛውን፣ ባለሱቁን፣ የሰፈሩን ልጆች። ብዙ ጊዜ ስሟን የሚነግሯችሁ ልጆቹ ናቸው። ባለቤት ያላትን ውሻ «አዳንኳት» ብሎ መውሰድ ስርቆት ነው። የሚያስከትለው ደግሞ ከስርቆቱ ይብሳል፤ ያ ሰፈር ከዚያ ወዲያ በር አይከፍትላችሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ፤ የእብድ ውሻ በሽታ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ታገሡኝ።

በሽታው ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለዚህ በሽታ ታሪክ ጽፈዋል፤ አዲስ አበባ ገና አዲስ ሳለች፣ በ1895 ዓ.ም. ክረምት፣ ወረርሽኝ ገብቶባት እንደነበር ተመዝግቧል። ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ያው ግምት የኢትዮጵያን ድርሻ ከ2,700 በላይ ያደርሰዋል። ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከመቶ 99ኙ ጊዜ ውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከንክሻው እስከ ምልክቱ ያለው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ስለሆነ ሕይወት የሚተርፈው በዚያ መሃል ነው።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። አስቀድሞ ክትባት ያልወሰደ ሰው ውሻ አይይዝም። ይመዘግባል፣ ምግብ ያበስላል፣ ግቢ ያጸዳል፣ ስልክ ይቀበላል፤ ገመድ ግን አይጨብጥም። ከ18 ዓመት በታች ያላችሁም እንዲሁ። የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ቁስሉን ውሻ የላሰው ሰው ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ በሰዓት እየቆጠረ፣ ሳይቸኩል። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ቀድሞ የተከተበም ቢሆን ይሂድ፤ የሚወስደው መርፌ ያንሳል እንጂ አይቀርለትም። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ እምነቱን የምንነካው ነገር የለም። ክትባቱን ግን በምንም ነገር አይተካው፤ በባህል መድኃኒትም ቢሆን።

የነከሰችው ውሻስ? አትገደል፣ አትለቀቅም። ለብቻዋ ተዘግታ 10 ቀን ትታይ። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች ስትነክስ በለሃጯ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ከሞተች ደግሞ ጭንቅላቷ ይመረመራል። አዲስ አበቤ ዛሬም ፓስተር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ሲሠራ ኖሯል። አንድ የተናደደ ሰው በድንጋይ ጨፍልቆ ወንዝ የጣለው ጭንቅላት ግን ለማንም ምንም አይነግርም።

የምንቸገርበት ነገር የሚደበቅ ንክሻ ነው። በጎ ፈቃደኛ ንክሻ የሚደብቀው ውሻዋን ይገድሏታል ብሎ ነው፤ ወይም ሰነፍ ነህ እንዳይባል፤ ወይም እናቱ ከእንግዲህ አትሄድም እንዳትለው። ይገባኛል። ቢሆንም የተደበቀ ንክሻ ሰው ይገድላል። በእኛ ዘንድ ንክሻ የነገረ ሰው አይወቀስም። የደበቀ ግን ከውሻ ሥራ ይነሳል፤ ይህ ደንብ ለነባሩም ለአዲሱም አንድ ነው።

በዚህ ሁሉ ለምን እንደማጠብቅ ላስረዳ፤ እኛ ከላላን ሰው የሚመለሰው ወደ ድሮው መንገድ ነው። ከተማችን ለውሻ ብዛት ለረጅም ዘመን የነበራት መልስ መርዝ ነበር። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የእንስሳውን ጡንቻ ሁሉ ያኮማትራል፤ እንስሳው አእምሮው ሳይደነዝዝ እየተንፈራገጠ ይሞታል። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም ይከተለዋል። ጭካኔው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ግን አለመሥራቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መግደልን ሳይሆን ክትባትን ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተገደሉትን ውሾች ግን ትርፍራፊውና ባዶው ቦታ በሌሎች፣ ባልተከተቡ ውሾች ይተካቸዋል።

በባሌ ተራሮች የሆነውን ብታስቡ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ዋና መኖሪያቸው እዚያ ነው። በሽታው ከእረኞች ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ እየተላለፈ በ1990ዎቹ የፈረንጅ ዘመን መጀመሪያ፣ ኋላም በ1996 ዓ.ም. ብዙዎቹን ጨርሷል። ውሻውን አጥፉት የሚል ድምፅ ቢሰማ አይገርምም። በዚያው በባሌ ተራሮች ፓርክ ይሠሩ የነበሩት ኤፍሬም ለገሰና ሐና ክፍሌ ግን መንገዱ ሌላ ነው ብለው ለባለቤት አልባ እንስሳት የሚቆም ማኅበር አቋቋሙ፤ ሃፕስ በሚል ምኅጻር ይታወቃል። ቀይ ቀበሮዎቹን ለመጠበቅ የቆመው ፕሮግራምም በየዓመቱ የሚሠራው ትልቅ ሥራ የአካባቢውን ውሾች መከተብ ነው። ለውሻ የሚያስብና ለቀበሮ የሚያስብ ሰው መጨረሻ ላይ የተገናኙት በአንዲት መርፌ ነው።

ወደ ላፍቶ ልመለስና ልጠይቅ፦ 70 በመቶ ስንል ከስንቱ ነው? መዝገብ ከሌለን አናውቀውም። ስለዚህ ደብተር የያዘ በጎ ፈቃደኛ ገመድ ከያዘው አያንስም። የውሻዋ መልክ፣ የተከተበችበት ቀን፣ የመከነች እንደሆነ የጆሮዋ ምልክት፣ የምትውልበት ቦታ፤ እነዚህ ይጻፉ። የወረዳው ሰው መጥቶ «እነዚህን ውሾች ምን እናድርጋቸው?» ሲል የምንመልስለት በእንባ ሳይሆን በመዝገብ ነው። የተሟላ መዝገብ አንድን ሰፈር ከመርዝ ሊያድን ይችላል።

ስለ መመገብ አንድ ነገር ላንሳ፤ ቄራን የመሰለ ጎረቤት ስላለን በተለይ እኛን ይመለከታል። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አትስጡ። በከብትና በበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ውስጡ ያለው የኮሶ ትል ዘር ነው። ውሻው ያን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ እጁን ሳይታጠብ የበላ ልጅ ጉበት ላይ ያው ቋጠሮ ይበቅላል። ፋሲካና ገና ሲመጡ በየግቢው ይታረዳል፤ የተበላሸው ሳንባ በአጥር ላይ ይወረወራል። እናንተ የምትሰጡት ሁሉ ይቀቀል። በየሰፈራችሁም ለሚያርዱት አስረዱ፦ የተበላሸው ይቀበር። የበሰለ የዶሮ አጥንትም አይሰጥ፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ውሻው በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን አንሱ፣ ቦታውን ጥረጉ፤ ጎረቤት የሚጠላው ብዙ ጊዜ ውሻውን ሳይሆን የተዝረከረከውን ነው።

መድኃኒት ደግሞ የሐኪም ነው። ለሰው የሚሆን ሁሉ ለእንስሳ አይሆንም። ለእኛ ራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንዲት ፍሬ ትበቃለች። ከፋርማሲ ገዝቶ መርፌ መውጋት፣ ስብራት በራስ መጠገን፣ ከኢንተርኔት ያዩትን መሞከር ደግነት አይደለም። የእናንተ ድርሻ ደም የሚፈስበትን በንጹሕ ጨርቅ መጫን፣ እንስሳውን ጸጥ ባለ ቦታ ማኖርና ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። የዱር እንስሳ፣ ጦጣም ይሁን ጉሬዛ፣ ታስሮ ካያችሁ ደግሞ አትፍቱ፤ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቁ። ሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባል፣ ከሰው እጅ የተወሰዱ አንበሶችንና አቦሸማኔዎችን የሚያኖር ማዕከል አለ። ያ ሥራ ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። ስለ አነጋገር ልናገር። በፉሪና በጀሞ ዳር ጀርባዋ ገጣባ የሆነ አህያ አሸዋና ሲሚንቶ ተጭና ታያላችሁ። ደማችሁ ይፈላል። ባለቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ያቺ አህያ ከሌለች ልጆቹ ጦማቸውን የሚያድሩ ሰው ነው። ጨካኝ ብትሉት ነገ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ቁስሉ ግን አብሮት ይሄዳል። «አባባ፣ ይህ ቁስል ከደረቀላት አህያዎ የበለጠ ትሠራልዎታለች» በሉት። ከጭነቱ ሥር የሚገባ ወፍራም ጨርቅ አሳዩት፣ ቁስሉ ላይ የሚያርፈውን ገመድ አብራችሁ አዛውሩ። በእንስሳ ላይ መጨከን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም የሚያስቀጣ ነው፤ ሕጉ ግን የመጨረሻው ቃል እንጂ የመጀመሪያው ሰላምታ አይሁን። ሕዝባችን ለአህያ ደንታ የለውም የሚላችሁ ካለ ደግሞ ቢሾፍቱን ጥቀሱለት። በ2009 ዓ.ም. የአህያ ሥጋና ቆዳ ወደ ውጭ ለመላክ የተከፈተው ቄራ የተዘጋው የአካባቢው ሰው አጥብቆ ስለተቃወመው ነው።

ጎረቤትም ልዩ ልዩ ነው። ሙስሊም ጎረቤታችሁ ዕቃቸውን ውሻ ሲልስባቸው ቢቆጡ እንስሳ ስለጠሉ አይደለም፤ የውሻ ለሃጭ የነካው የሚነጻበት ሥርዓት ስላላቸው ነው። በዚያው ሃይማኖት ውስጥ ለተጠማ ውሻ ውሃ ማጠጣት ምሕረት እንደሚያስገኝ የሚነገር ትምህርት አለ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ውሻ አይግባ ሲባልም አትከራከሩ፤ ከቅጥሩ ውጭ አብሏት። ድንጋይ የሚወረውር ልጅ ስታዩም አትሳደቡ፣ አትምቱም። የሚወረውረው ብዙውን ጊዜ ፈርቶ ነው፤ ውሻ ሲመጣ አለመሮጥን፣ ዓይኑን አለማፍጠጥን፣ የወለደች ውሻ አለመቅረብን አስተምሩት። የነገ በጎ ፈቃደኛችሁ እሱ ነው።

ገንዘብና ፎቶ ማኅበር የሚያፈርሱ ሁለት ነገሮች ናቸው። በግል ቴሌብር የተሰበሰበ መዋጮ፣ አንድ ብር እንኳ ባይጎድል፣ ጥርጣሬ ይወልዳል። ገንዘብ በማኅበሩ ሒሳብ ብቻ ይግባ፤ በደረሰኝ ይውጣ፤ በየወሩ በጉባኤ ይነበብ። ፎቶም እንዲሁ፦ ቁስል እያሳዩ በቲክቶክ መለመን ተመልካች ያበዛል፤ እንስሳዋ ሐኪም ቤት ከመድረሷ በፊት ግን ካሜራ አይውጣ። የባለቤቱ ፊት፣ የልጆች ፊት፣ የግቢው በር አይታይ። መጠለያ ያለበትን ቦታ ይፋ ካደረጋችሁ ደግሞ በማግስቱ ቡችላ በካርቶን በራፋችሁ ተጥሎ ታገኛላችሁ።

እንስሳ ለሚወስድ ቤተሰብ ስትሰጡም አትቸኩሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ኃይለኛ ወንድ ውሻ ነው፤ ሴቷን ትወልዳለች ብሎ ይተዋታል። አስቀድማ መምከን የሚያስፈልጋት ለዚህ ነው። ቤቱን ሄዳችሁ እዩ፦ ውሃ አለ? ጥላ አለ? ሰንሰለቱ ምን ያህል ነው? አከራይ ፈቅዷል? ከወር በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። እናንተም ቤታችሁን መጠለያ አታድርጉት። አንድ እወስዳለሁ ብሎ የጀመረ ሰው አሥር ደርሶ እነሱንም ራሱንም ሲያስርብ ይታያል። እንቢ ማለት የሥራው አካል ነው።

አንዳንዱ አይተርፍም። መዳን የማይችል እንስሳ ያለ ሥቃይ እንዲሞት የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ በቁጣም በእንባም ያን ውሳኔ አይሽር፣ ሐኪሙንም በአደባባይ አይክሰስ። ማዘን ይፈቀዳል፤ ከቀበሩ በኋላ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣትም ይፈቀዳል። የደከመው ደግሞ ደክሞኛል ይበል፣ ቁልፉንና ደብተሩን ለተተኪው አስረክቦ በሰላም ይሂድ። ተሰናብቶ የሄደን ሰው ነገ በደስታ እንቀበለዋለን። ሳይናገር የጠፋ ግን በሩን ዘግቶ ነው የሄደው፤ ከውስጥ ደግሞ ውሃ የሚጠብቅ እንስሳ አለ።

ወገኖቼ፣ መዝገቡ በር ላይ ነው። ከስማችሁ ጎን ሁለት ባዶ ቦታ አለ፤ አንዱ የምትመጡበትን ቀን፣ ሌላው ለክትባት የምትሄዱበትን ቀን የምትጽፉበት ነው። ሁለቱን ዛሬ መሙላት ያልቻለ አይፈርም፤ አስቦ በሌላ ጊዜ ይምጣ፣ አንቀየመውም። ለአንድ ቀን ሁለት ሰው ይበቃል፤ ለሳምንቱ አሥራ አራት። እዚህ ያለነው ከዚያ በብዙ እንበልጣለን። ስለዚህ ከእያንዳንዳችሁ የሚፈለገው ከሰባቱ አንዱ ቀን ብቻ ነው፤ እሱን ግን ሳትዘሉ ስጡን።